«ከላይ የወረደ ነው»፦ ስለ መታዘዝ ሙከራዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ጎንደር፣ የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አካባቢ ሻይ ይዘው ስለ ሥልጣን የሚከራከሩ ተማሪዎች በመታዘዝና በሥልጣን ላይ ሙከራ ያደረጉትን አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ሚልግራምንና ዚምባርዶን፣ ማንሳት ይወዳሉ። የሚቆጨኝ የሚያነሷቸው ብዙ ጊዜ «ሰው ከታዘዘ ምን ያድርግ?» ለማለት መሆኑ ነው። ባለጉዳይ «ከላይ የወረደ መመሪያ ነው» ተብሎ በሚሸኝበት አገር፣ ሳይንስ ለዚህ አነጋገር ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ዝም ማለት አልችልም። ሙከራዎቹ እንዲያ አይሉምና።

«ሚልግራም ሰዎችን በኤሌክትሪክ አስነዝሯል»

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው ሙከራ «ተማሪ» ሆኖ የተቀመጠው ሰው የአጥኚው ተባባሪ ነበር፤ አንዴም አልተነዘረም። የሚፈተነው «አስተማሪ» የተባለው ነው። ፊቱ ከ15 እስከ 450 ቮልት የተጻፈባቸው 30 ማብሪያዎች ተደርድረዋል፤ ተማሪው በተሳሳተ ቁጥር አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ እንዲያስነዝረው ሙከራውን የሚመራው ሰው ያዘዋል። የአስተማሪው ጭንቀት ግን እውነተኛ ነበር፦ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩን ይነክሳል፣ አንዳንዱም ሳይፈልግ ሳቅ ያመልጠዋል።

«ሁሉም እስከ መጨረሻው ታዘዙ»

በታወቀው ዙር ከ40 ወንዶች 26ቱ 450 ቮልት ደርሰዋል። 14ቱ እምቢ ብለዋል፤ እነሱን የሚያስታውስ ግን የለም። ደግሞም ሚልግራም የሠራው አንድ ዙር ብቻ አይደለም። ሙከራውን የሚመራው አዛዥ ከክፍሉ ወጥቶ በስልክ ሲያዝ እስከ መጨረሻ የሄደው ከአምስት አንድ ያህል ነው። ሁለት አዛዦች እርስ በርስ ሲቃረኑ የቀጠለ ሰው አልነበረም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን አብረውት «አስተማሪ» ሆነው የተቀመጡ ሁለት የአጥኚው ተባባሪዎች «አንቀጥልም» ብለው የተነሱበት ዙር ነው፤ እዚያ ከ40 ሰው እስከ መጨረሻ የሄዱት 4 ብቻ ናቸው። ያው ማሽን፣ ያው ትእዛዝ ነው። የተለወጠው አጠገቡ እምቢ ያለ ሰው መኖሩ ነው።

«የታዘዙት ተገድደው ነው»

አዛዡ የሚናገራቸው አራት ዓረፍተ ነገሮች ተዘጋጅተውለት ነበር። የመጨረሻው ጥብቅ ትእዛዝ ነው፦ «ሌላ ምርጫ የለህም፣ መቀጠል አለብህ።» የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄሪ በርገር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው፣ 150 ቮልት ላይ እንዲቆም በተደረገው ድጋሚ ሙከራ፣ ይህ ከተነገራቸው ሰዎች የቀጠለ አንድም አልነበረም። ሃስላምና ራይከር የተባሉ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ሰውን የሚያስቀጥለው ለበጎ ዓላማ፣ ለሳይንስ እየሠራሁ ነው የሚል እምነት ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህ ከቁጣው ይልቅ «ለሕዝብ ጥቅም ነው» ተብሎ በለዘብታ የሚሰጠውን ትእዛዝ መፈተሽ ይገባናል።

«ሥልጣን ያገኘ ሁሉ ይባልጋል፤ ስታንፎርድ አረጋግጦታል»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባልን ስላደግን ይህ ቶሎ ይዋጥልናል። ዚምባርዶ በነሐሴ 1971 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀ የማስመሰያ እስር ቤት 24 ተማሪዎችን ጠባቂና እስረኛ አድርጎ መደበ፤ ለሁለት ሳምንት የታሰበው በስድስት ቀን ቆመ። ጠባቂዎቹ ግን ለራሳቸው አልተተዉም። ዚምባርዶ ራሱ የእስር ቤቱ የበላይ ሆኖ ነበር፤ እስረኞቹ አቅም እንደሌላቸው እንዲሰማቸው ማድረግ እንደሚቻልም ለጠባቂዎቹ አስረድቷቸዋል። ረዳቱ አንድን ገር ጠባቂ «ጠንከር በል» እያለ ሲገፋፋ የሚሰማበት ቅጂ አለ። እንዲያም ሆኖ ጨካኝ የሆኑት ሁሉም ጠባቂዎች አይደሉም። ሃስላምና ራይከር በኋላ ከቢቢሲ ጋር በእንግሊዝ በሠሩት ተመሳሳይ የእስር ቤት ጥናት ደግሞ ጠባቂዎቹ መስማማት አቃታቸው፤ እስረኞቹም ሥርዓቱን ገለበጡት።

«ይህ የላቦራቶሪ ጨዋታ ነው፤ ሥራ ላይ አይገጥምም»

ከእ.ኤ.አ. 1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ በምታሠለጥነው ከተማችን ይህን ማለት ያስፈራኛል። ሆፍሊንግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት፣ ነርሶች ተረኛ በሆኑበት ክፍል ስልክ ይደወላል፤ የማያውቁት «ዶክተር» 20 ሚሊግራም መድኃኒት ስጡ ይላል። ማሸጊያው ላይ የቀን ጣሪያው 10 ሚሊግራም እንደሆነ ተጽፏል። ከ22 ነርሶች 21ዱ ሊሰጡ ሲሄዱ ነው መንገድ ላይ የተያዙት፤ የተዘጋጀው ጉዳት የሌለው ነገር ስለነበር ማንም አልተጎዳም።

እ.ኤ.አ. በ1977 ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለት ነገር ቀየሩ፦ መድኃኒቱ ነርሶቹ በደንብ የሚያውቁት ሆነ፤ ባልደረባ ማማከርም ቻሉ። ያን ጊዜ ከ18 ነርሶች ለመስጠት የተዘጋጁት 2 ብቻ ነበሩ።