የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ምንድን ነው? ስለ አየርላንዳዊ ስደተኛ ቅድመ አያት መዛግብት

«ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ነው፤ ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ብሎ ሲዘጋ አየሁ። ነገሩ ከአየርላንድ ወደ ቦስተን ስለተሰደደ ቅድመ አያት ነበር። ማስረጃው የ1912 የሞት የምስክር ወረቀት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ወረቀቱ ላይ «ዕድሜ 72፣ የትውልድ ቦታ ኮርክ» ተብሏል። ስለዚህ በ1840 ተወለደ፣ አለቀ። ጥርጣሬ ላነሳ ሰው የተሰጠው መልስ ደግሞ «መንግሥት ማኅተም ያሳረፈበትን ሰነድ ትክዳለህ?» የሚል ነው።

ማኅተሙን የካደ የለም። ግን ወረቀቱ ላይ የተናገረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የሞተበትን ቀንና ምክንያት የሰጠው ሐኪሙ ነው፤ የቀብሩን ቦታ ያስጻፈው አስከሬኑን የተረከበው ቀባሪ ነው። ዕድሜውን፣ የትውልድ አገሩን፣ የእናትና የአባቱን ስም የተናገረው ደግሞ «መረጃ ሰጪ» በሚለው መስመር ላይ የሰፈረው ሰው ነው፤ በዚህኛው ሰነድ አማቹ። አማትየው ኮርክ ውስጥ ሲወለድ አማችየው ገና በዚህ ዓለም አልነበረም። የነገረን አማቱ የነገረውን ነው፤ ምናልባትም ሚስቱ የነገረችውን፤ እሱንም በሐዘን ቀን።

በትውልድ ሐረግ ምርምር ሙያ «የመጀመሪያ» የምንለው ወረቀቱን ሳይሆን በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን እያንዳንዱን መረጃ ነው። ወረቀቱን የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ዋናው ነው ወይስ ግልባጭ? ስለዚህ አንድ ዋና ሰነድ ስለ ሞት የመጀመሪያ እጅ፣ ስለ ልደት ደግሞ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ እጅ መረጃ ሊይዝ ይችላል። የታሪክ ምሁራን ቃሉን በሰፊው እንደሚጠቀሙበት አውቃለሁ፤ በዘመኑ የተጻፈ ከሆነ ለእነሱ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ነው። ለእነሱ ጥያቄ ይበቃል። አንድ ሰው መቼና ከማን እንደተወለደ ለሚፈልግ ግን አይበቃም።

ሰነዱን እንደ ችሎት መዝገብ ብንመለከተው ነገሩ ይገለጣል። መዝገቡ ውስጥ ብዙ ምስክሮች ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ የጻፈው ጸሐፊው ነው። ማኅተሙ የሚያረጋግጠው ቃሉ መመዝገቡን እንጂ እውነት መሆኑን አይደለም። ዳኛ ምስክርን «አየህ ወይስ ሰማህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «በዚህ ነገር ጥቅም አለህ?» ይላል። ሦስተኛም አለ፦ ምስክሮቹ አምስት ቢሆኑም አምስቱም ከአንዲት አያት ከሰሙት፣ ያለን አንድ ምስክር ነው።

«ጥቅም አለህ?» የሚለውን ጥያቄ አየርላንድ ውስጥ ማንም ሊዘለው አይገባም። የልደት የመንግሥት ምዝገባ ለሁሉም የተጀመረው በ1864 ነው። ምዝገባው የጊዜ ገደብ ነበረው፤ ዘግይቶ የመጣ ይቀጣል። ከገጠር ከተማ ድረስ ለመሄድ ያልተመቸው አባት፣ ወራት ካለፉ በኋላ ሲመጣ ልጁን ቅርብ ጊዜ የተወለደ አድርጎ ያስመዘግባል። በዚህ የተነሳ ከመወለዱ በፊት የተጠመቀ ልጅ በመዝገብ ላይ ታገኛላችሁ፦ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ በመጋቢት ተጠመቀ ይላል፤ የመንግሥቱ መዝገብ በግንቦት ተወለደ ይላል። አባትየው በልደቱ ቀን እዚያው ነበረ፤ የዐይን ምስክር ነው፤ ግን ቅጣቱን መሸሽ ፈልጓል። ቄሱ የሚሸሸው ቅጣት አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ግጭት ሲገጥመኝ ወደ ጥምቀቱ አደላለሁ። በእርግጥ አንዳንድ ቄስ በብጣሽ ወረቀት የያዘውን ቆይቶ ወደ መዝገቡ ይገለብጥ ስለነበር፣ የጥምቀት መዝገብም ቢሆን ዐይን ተጨፍኖ አይታመንም።

ከዚህ የባሰው የጡረታው ጉዳይ ነው። በ1908 የወጣው የአረጋውያን ጡረታ ሕግ 70 ዓመት ለሞላው ድሃ በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ፈቀደ፤ ክፍያው በጥር 1909 ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አመልካቾች የተወለዱት ምዝገባ ከመጀመሩ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፤ የልደት ወረቀት ከየት ያምጡ? መሥሪያ ቤቱ በ1841 እና በ1851 የሕዝብ ቆጠራዎች ውስጥ ስማቸው እንዲፈለግ አደረገ። ያልተገኘ ሰው ደግሞ ጥር 6 ቀን 1839 ሌሊት አገሩን የመታውን «ታላቁን ነፋስ» ያስታውስ እንደሆነ ይጠየቅ ጀመር። ማን አላስታውስም ይላል? የ1901ን እና የ1911ን ቆጠራ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ በአሥር ዓመት ውስጥ አሥራ አምስትና ከዚያም በላይ ያረጁ ሰዎች ታያላችሁ። ሁለቱም ቅጾች ዋና ሰነዶች ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ያለው ቃል ከራሱ ከቤቱ የወጣ ነው፤ ግን አይስማሙም። በ1911 የተጻፈው ዕድሜ ጡረታ አምጥቷል። በ1901 የተጻፈው ደግሞ ዕድሜውን ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ግምት ሊሆን ይችላል።

«እንግዲያው ግልባጭን ጣሉ፣ ዋናውን ያዙ» የሚሉም አሉ። ይህም አያስኬድም። ሰኔ 30 ቀን 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ ደብሊን የሚገኘው የፎር ኮርትስ መዝገብ ቤት ሲጋይ፣ ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍላቸው ጠፋ። ለጡረታ ሲባል ከእነዚያ ቆጠራዎች ተቀድተው የነበሩት ቁርጥራጮች ግን ተረፉ። ዛሬ ለአንድ የ1851 ቤተሰብ ያለን ብቸኛ ምስክር ያ ግልባጭ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው አመድ ሆኗልና። (በዚሁ አጋጣሚ «የአየርላንድ መዝገብ ሁሉ በ1922 ተቃጥሏል» የሚለውም ስሕተት ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት የመንግሥት መዛግብት እዚያ ሕንፃ ውስጥ አልነበሩም፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መዛግብትም በየአጥቢያቸው ነበሩ። የ1881 እና የ1891 ቆጠራዎችን ያጠፋው እሳት ሳይሆን መንግሥት ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ጥሬ ዕቃ አስፈጫቸው።)

ሁሉንም በአንድ ቦታ የሚያሳየው የአኒ ሙር ታሪክ ነው። አኒ ጥር 1 ቀን 1892 በኒው ዮርክ ወደብ የኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ የነበረችው የኮርክ ልጅ ናት። ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ጋር ኔቫዳ በተባለች መርከብ መጣች፤ የመቀበያው ኃላፊ የ10 ዶላር የወርቅ ሳንቲም ሰጣት። የዘመኑ ጋዜጦች ቀኑ 15ኛ ልደቷ እንደሆነ ጻፉ። ዕድሜዋ ግን 17 ነበር፤ ቀኑም ልደቷ አልነበረም። ጋዜጠኛ ሳንቲሙን በዐይኑ አይቷል፤ ልደቷን ግን ሰምቷል። ሁለቱ ወሬዎች በአንድ ቀን ጋዜጣ፣ በአንድ ዓምድ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የመጀመሪያ እጅ ነው፣ ሌላው አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ስሕተት የበለጠ ነው። ለአሥርተ ዓመታት አኒ ሙር ወደ ቴክሳስ ሄዳ፣ እዚያ አግብታ፣ በ1923 በከተማ ባቡር ተገጭታ እንደሞተች ይነገር ነበር። የቴክሳሷ ሴት ዘሮች በመታሰቢያ በዓላት ላይ በክብር ተጋብዘዋል። ዋሽተው አይደለም፤ በቤተሰብ ሲነገር የሰሙትን አምነው ነው። ሜጋን ስሞሌኒያክ የተባለችው የትውልድ ሐረግ ተመራማሪ መዝገቦቹን ስትመረምር ግን የቴክሳሷ አኒ ሙር ኢሊኖይ ውስጥ የተወለደች አሜሪካዊት ሆና ተገኘች። በ2006 እውነተኛዋ ተለየች። መንገዱን የከፈተው የአኒ የራሷ ወረቀት ሳይሆን የወንድሟ የፊሊፕ የዜግነት ሰነድ ነው። እውነተኛዋ አኒ ከኒው ዮርክ ሳትወጣ ኖራለች፤ የዳቦ ቤት ሠራተኛ አግብታ፣ ብዙ ልጆች ወልዳ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በሕፃንነታቸው ቀብራ፣ በ1924 አርፋለች። መቃብሯ በ2008 የመታሰቢያ ድንጋይ እስኪቆምለት ድረስ ስም አልነበረውም።

በቴክሳሱ ታሪክ ላይ ምን ያህል መጽሔት፣ ምን ያህል ንግግር ተደግፎ እንደነበር አስቡት። ሁሉም ግን የሚመለሱት ወደ አንድ የቤት ውስጥ ትረካ ነው። ዛሬም በድረ ገጽ ላይ «አርባ የዘር ሐረግ 1840 ይላል» የሚለኝ ሰው አለ። አርባዎቹ ከአንዱ የተገለበጡ ከሆኑ ችሎቱ ፊት የቆመው አንድ ምስክር ነው፤ እሱም ያው አማችየው።

ቅድመ አያታቸው በኒው ዮርክ የኖረ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያዩት አንድ የተሻለ ምስክር አለ። በ1850 የተመሠረተው የስደተኞች ቁጠባ ባንክ ደንበኛ ሂሳብ ሲከፍት የትውልድ ቦታውን፣ የመጣበትን መርከብ፣ የወላጆቹን፣ የወንድምና የእኅቶቹን ስምና ያሉበትን አገር ይመዘግብ ነበር። ምክንያቱ ማንነትን ማጣራት ነው፤ ገንዘብ ሊያወጣ የመጣ ሰው በእነዚሁ ነገሮች ይጠየቅ ነበር። ተናጋሪው ራሱ ስደተኛው ነው። ስለ እናቱና ስለ መንደሩ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ በኒው ዮርክ ውስጥ የለም፤ ውሸት ቢያስመዘግብ ደግሞ የሚጎዳው የገዛ ቁጠባው ነው። የተወለደበት ዓመት እዚያም ላይ ቢኖር በግምት ነው። መንደሩ ግን ብዙ ጊዜ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። የሞት የምስክር ወረቀቱ «ኮርክ» ብሎ ያለፈውን፣ በዚያ ትልቅ አውራጃ ውስጥ የትኛውን አጥቢያ የጥምቀት መዝገብ መክፈት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።