«ካልተጮኸበት አይነቃም» እና ሌሎች የሜዳ ዳር ወሬዎች

ጅማ ውስጥ ታዳጊዎችን እግር ኳስ አሰለጥናለሁ። ረዳት አሰልጣኝ የለኝም፤ ሜዳ ዳር ግን ሞልተዋል። አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ ወደ መርካቶ ሲያልፍ ቆም ያለ ባጃጅ ነጂ ሳይቀር አስተያየት አለው። አስተያየቱ ደግሞ ሁሌም ያው ነው። ሰለቸኝ። ተራ በተራ ልመልስና ይውጣልኝ።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ላሳልፍ።

«በልምምድ መሃል ውሃ ከጠጣ ይከብደዋል።» ውሸት። የጠማው ይጠጣ፤ ፉት እያለ።

«ከልጅነቱ በትልቁ ኳስ ይልመድ።» 5 ቁጥር ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ 4 ቁጥር ይበቃዋል። በትልቁ የሚማረው መጠለዝ ብቻ ነው።

«እግሩ ወለም ካለው ወዲያው ይታሽ።» ወጌሻ አከብራለሁ። ትኩስ እብጠት ግን አይታሽም። ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ይረፍ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሳ።

«መጀመሪያ አስር ዙር ሮጠው ጉልበት ይገንቡ።» ለሩጫ ከሆነ አትሌቲክስ አለ። ልጆቹን አራት ለአራት ጠባብ ሜዳ ላይ ሳጫውታቸው ይሮጣሉም፣ ኳስም ይነካሉ። ሜዳ ሲዞሩ የሚያገኙት ግን ሩጫውን ብቻ ነው።

«ትንሽ ነው፣ ይገፈትሩታል።» ይቺኛዋ ትንሽ ታናድደኛለች። ሉካ ሞድሪችን ሃይዱክ ስፕሊት የተባለው ክለብ በልጅነቱ ደቃቃ ነህ ብሎ መልሶታል፤ ያው ሞድሪች በ2018 እ.ኤ.አ. የባሎን ዶር ሽልማት ወሰደ። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከ15 ዓመት በታች ውድድር ላይ ሁሉንም እየገፈተረ የሚያገባው ጠብደል ልጅ ወይ ቶሎ ያደገ ነው፣ ወይ ዕድሜው ወረቀት ላይ ያነሰ ነው። ፊፋ ራሱ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ዕድሜያቸውን ለማጣራት የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ የሚያስመረምረው ወዶ አይደለም። ጠብደሉ በጉልበት ሲያሸንፍ ኳስ መቆጣጠር ሳይማር ይቀራል። ሌሎቹ በቁመት ሲደርሱበት የሚሆነውን ስንቴ አይቻለሁ።

«ጎል ያላገባ ምን ተጫወተ?» ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት፣ 2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ሲያነሳ የከተማው ልጅ ሁሉ አጥቂ ልሁን አለ። ደስ ይላል። ግን አሁንም አስራ ሁለት ልጅ ተሰልፎ አስሩ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ይጠይቀኛል። ሁሉንም ቦታ አዟዙሬ ነው የማጫውታቸው። አባቶች ይቆጡ።

አሁን ወደ ዋናው። «ልጅ ካልተጮኸበት አይነቃም፤ ካልተሰደበ አይጠነክርም።» ይሄን በአማርኛም በኦሮምኛም ስሰማ ነው የምውለው።

የሚጮኹበትን ልጅ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ኳስ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያየው ተከላካዩን አይደለም፤ አባቱን ነው። በዚያች ሰከንድ ኳሷ ከእግሩ ስር ትሾልካለች። ቀጥሎ ኳስን ቶሎ መገላገል ይለምዳል፤ ወይ ይጠልዛል ወይ ወደ ኋላ ያቀብላል። ከዚያ የባሰውን ይማራል፤ ከተከላካዩ ጀርባ ይደበቃል። ኳስ ካልመጣ ስህተት የለም፤ ስህተት ከሌለ ስድብ የለም። ልጁ ሒሳቡን በደንብ ሰርቶታል። ሜዳ ዳር ያለው ሰው ግን «አላልኩም? ፈሪ ነው!» ብሎ ድምፁን ይጨምራል።

አንድ የክንፍ ተጫዋች አለኝ። ልምምድ ላይ አብዶ ሲሰራ ጓደኞቹ ያጨበጭቡለታል። የጨዋታ ቀን አባቱ መስመሩ ጋ ወንበር ዘርግተው «ልቀቀው! ምታው! ምን ትጠብቃለህ?» ማለት ሲጀምሩ ግን እንጨት ይሆናል። አንድ ቀን ከአባቱ እንዲርቅ ወደ ማዶው ክንፍ አዛወርኩት። ሌላ ልጅ ሆነ። ሁለት ሰው አልፎ ወደ መሃል አሻገረ። አባትየው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ወንበራቸውን አንስተው ሜዳውን ዞረው ማዶ ተቀመጡ። በእረፍት ሰዓት «ጋሼ፣ እባክዎ አንዷን አጋማሽ ብቻ ዝም ይበሉልኝ» አልኳቸው። «ዝም ካልኩማ ይተኛል!» አሉኝ። ቅን ሰው ናቸው፤ ለልጃቸው ብለው ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ልጁ ኳስ አልጠየቀም።

«እኛ በዱላ ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?» የሚሉም አሉ። በዱላ ምክንያት ኳስ የተዉት መጥተው አይነግሩንማ። የሚያወሩት የተረፉት ናቸው።

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 እ.ኤ.አ. «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከየት እንደሚመጣ ጽፏል። አራት ምንጭ አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ራስ ሰርቶ ማየት ነው። ከዚያ እንደ ራስ ያለ ሰው ሲሰራው ማየት ይመጣል። የሰው ንግግር ሦስተኛ ነው። አራተኛው ሰውነት ላይ የሚሰማው ነው፤ የልብ ምቱ፣ ላቡ፣ የእግር መንቀጥቀጡ። ጩኸት ሦስተኛውንና አራተኛውን ያበላሻል፤ ለመጀመሪያው ደግሞ ፋታ አይሰጥም። በነገራችን ላይ «ጎበዝ! አንበሳ!» ማለትም ብቻውን ከሦስተኛው አያልፍም። ልጅ ሞኝ አይደለም። ኳስ ሲያበላሽ ውሎ «አሪፍ ነህ» ሲባል ይገባዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰው ማለፍ የሚፈራ ልጅ ሲያጋጥመኝ፣ መጀመሪያ ተከላካዩ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እየተራመደ ብቻ ይገጥመዋል። ልጁ ያልፋል። ቀጥሎ ተከላካዩ ይሮጣል፤ ግን ኳስ አይነጥቅም። ከዚያ ይነጥቃል። አብዛኛውን ካለፈ ወደ ቀጣዩ፣ ካቃተው አንድ ደረጃ ወደ ታች። ንግግሬም አጭር ነው። «ጉልበትህን እጠፍ፣ ቁርጭምጭሚትህን አጥብቅ» አልልም። «ኳሷን በቀዩ ኮን በግራ በኩል አሳልፋት» እላለሁ። ሐሳብ ከእግር ወጥቶ ኳሷ የምትሄድበት ላይ ሲሆን እንቅስቃሴው እንደሚቃና የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪዋ የጋብሪኤሌ ቩልፍ ጥናቶች አሳይተዋል። በሜዳም ያው ነው።

«አንዱን ምት መቶ ጊዜ ይደጋግም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከአንድ ቦታ ሲደጋግም እዚያው ያምርበታል፣ ወላጅም ይደሰታል። የጨዋታ ቀን ግን ይጠፋበታል። ሺአ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. በእጅ እንቅስቃሴ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ እየቀላቀሉ የተለማመዱት በልምምዱ ሰዓት ተቸግረው በኋላ ሲፈተኑ ግን በልጠው ተገኝተዋል። ስለዚህ ከግራ፣ ከቀኝ፣ በደካማው እግር፣ እየዞሩ። መሳታቸው ስራው ነው።

«ሪጎሬ የሳተ ልጅ ደግሞ አይምታ፤ ሞራሉ ይወድቃል።» ጥር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር የተጫወተውን አስታውሱ። ሳላዲን ሰይድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው አዳነበት። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ጎልም ገባብን። በአስር ሰው፣ በወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ላይ፣ አዳነ ግርማ አገባና 1ለ1 ወጣን። የእኔ ቡድን ውስጥ የሳተው ልጅ በሚቀጥለው ልምምድ የመጀመሪያውን ይመታል። ውይይት የለውም።

አንዲት ቀረች። «ዝናብ ላይ ከተጫወተ ሳንባ ምች ይይዘዋል።» ሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ብንቀር ጅማ ላይ መቼ ልንለማመድ ነው? መብረቅ ካለ ሁላችንም ከሜዳ እንወጣለን፤ ካፊያ ከሆነ ግን ልምምድ አለ። ደረቅ ቲሸርት በፌስታል ይዞ ይምጣ፤ ታኬታውንም ጭቃው ሳይደርቅ ራሱ ይጠበው።