«ሥጋ ትቻለሁ፣ ሌላ ምን ቀረኝ?» ስለ ጾምና ንስሐ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ማታ ደግሞ ጄሪካን ደርድረን ውኃ ስንጠብቅ ወሬያችን ሁሉ ስለ ጾሙ ነው። ንስሐ የሚለው ቃል ሲነሣ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱ ማምለጫ አለው። እኔም ነበረኝ። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ሥጋና ወተት ትቻለሁ፤ እየጾምኩ ነው»

ልክ ነው፣ ግን ገና መጀመሪያው ነው። 55 ቀን ሙሉ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መራቅ፣ የቻለም እስከ 9 ሰዓት መቆየት ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን ግን አንብቡት። ሕዝቡ «ጾምን፣ አንተ ግን አላየኸንም» ብሎ ያማርራል። እግዚአብሔርም ትጾማላችሁ፣ ግን ትጣላላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ይላቸዋል። እሱ የመረጠው ጾም የበደልን እስራት መፍታት፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ማደሪያ ያጣውን ድሃ ወደ ቤት ማስገባት ነው። የቤት ሠራተኛዋን የሁለት ወር ደመወዝ ይዛ ሽሮ የምትበላ ሴት ይህን ምዕራፍ ብታነበው የሚሰማት ይመስለኛል። ቀን ሠራተኛ አሠርቶ «ነገ ና» እያለ የሚያመላልሰውም እንደዚያው።

«ንስሐ የነፍሰ ገዳይ ነው፤ እኔ ምን በደልኩ?»

ነስሐ በግእዝ ተጸጸተ ማለት ነው። ለመጸጸት ሰው መግደል አያስፈልግም። በሉቃስ 18 ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጾመው ፈሪሳዊ ቤተ መቅደስ ቆሞ ጾሙን ቆጠረ። ቀራጩ (ግብር ሰብሳቢው) ግን ደረቱን መታ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የሄደው ቀራጩ ነው።

«የንስሐ አባቴ ድሮ ሰፈር ቀሩ»

ይሄ የእኛ የዳር ከተማ ሰዎች ችግር ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። አብዛኞቻችን በዕጣም ይሁን በልማት ተነሥተን ከመሃል ከተማ የመጣን ነን። እዚያ ካህኑ ቤታችንን ያውቁታል። ጠበል ይረጩልናል፣ ስንታመም ይመጣሉ፣ ልጅ ስንወልድ ይሰማሉ። እዚህ ስንመጣ ዕቃው ተጭኖ መጣ፣ አባታችን ግን እዚያው ቀሩ። መጀመሪያ «በበዓል እሄዳለሁ» እንላለን። ከዚያ ታክሲው፣ ሰልፉ፣ ሥራው። አንድ ቀን ስናስበው አምስት ዓመት አልፏል፣ ስልካቸው እንኳ የለንም።

ንስሐ አባት ከሰፈር ጋር የሚቀር ነገር አይደለም። መመላለስ ከቻላችሁ ድሮ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ። ካልቻላችሁ ነግራችኋቸው፣ ተመራርቃችሁ፣ በቅርባችሁ ካለው ደብር ሌላ አባት ያዙ። ማንም አይቀየማችሁም። ያለ አባት መቆየቱ ነው የሚከፋው። ባለፈው እሑድ መጻጉዕ፣ የጾሙ አራተኛ እሑድ ነበር። በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ ጌታን ያለው «ሰው የለኝም» ነው። እኔ ያን ወንጌል ስሰማ የኛን ብሎክ ነው ያሰብኩት።

«ለካህን ምን አስነገረኝ? ለእግዚአብሔር በቀጥታ እነግራለሁ»

ለእግዚአብሔርማ በየቀኑ ንገሩት። ግን ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ይቅር የማለትን ሥልጣን ለሐዋርያት መስጠቱ በዮሐንስ 20 ተጽፏል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም የምትሠራበት በዚያ ነው። «ያወሩብኛል» የሚል ፍርሃት ካለ ደግሞ፣ ካህን የሰማውን ኑዛዜ ለማንም እንዲያወጣ አይፈቀድለትም።

«ስግደቱን ከጨረስኩ አለቀ»

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ጾሙ ሊገባ ሲል በረንዳ ላይ አምስት ኪሎ በርበሬ አስጥቼ ነበር። ከላይ ያለችው ጎረቤቴ በረንዳዋን ስታጥብ ውኃው በሙሉ በርበሬው ላይ ወረደ። ቀይ ውኃ ግድግዳው ላይ ሲንቆረቆር ሳይ አበድኩ። ወጣሁና እንግዶቿ ፊት የማይባል ተናገርኳት። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስልኬን እያየሁ አልፋታለሁ።

ለንስሐ አባቴ ስናገር ስለ በርበሬው ረዘም አድርጌ አወራሁ፤ ስለ ስድቡ ግን ቶሎ አለፍኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታርቃችኋል?» አሉ። አልታረቅንም። «እንግዲያ ስግደቱን ኋላ እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ደረጃውን ውጪ» አሉኝ። ማቴዎስ 5 ላይ ያለው ነው፦ መባህን መሠዊያው ፊት ተወው፣ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ።

ቀኖና፣ ማለትም ንስሐ አባት የሚያዝዙን ስግደት፣ ጾምና ምጽዋት፣ ዕዳ መክፈያ አይደለም። አባቶች ከመድኃኒት ጋር ነው የሚያመሳስሉት፤ ስግደቱም ምጽዋቱም ቁስሉን ያሽራል። የበደሉትን ሰው መካስ ግን አይቀርም። ዘኬዎስ እንኳ «የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ማንም ሳያዝዘው ነው።

አሥራ ስምንት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እጇ ሊጥ እንደሆነ በሩን ከፈተች። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፤ ሌላ የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋብኝ። በክንዷ ሳበችኝና «ልጄ፣ እኔም ለበርበሬው እንቅልፍ አልወሰደኝም እኮ፤ በይ 9 ሰዓት ሲሆን ነይ፣ ቡና አፈላለሁ» አለችኝ።

«ሕማማት ሲደርስ ንስሐ እገባለሁ»

ይሄ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት (ከኃጢአት የመፍታት ጸሎት) አይደረግም፣ መስቀልም አይሳለምም። ካህናቱ በየዓመቱ «ንስሐችሁን ከሆሳዕና በፊት ጨርሱ» የሚሉን ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሳምንት የስግደትና የሕማሙ መታሰቢያ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ልትቆርቡ ካሰባችሁም ዝግጅቱ አሁን ነው የሚጀምረው።

የሚቀጥሉት እሑዶች ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ከዚያ ሆሳዕና ናቸው። የቀረው ይሄው ነው። የሚያፍር ሰው ካለ ደግሞ ኒቆዲሞስ ራሱ ወደ ጌታ የሄደው በሌሊት፣ ሰው ሳያየው ነበር፤ ጌታም ለምን በቀን አልመጣህም አላለውም። የኛ ደብር ካህናት በሥራ ቀናት ቅዳሴ ከመግባቱ በፊት ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ይቀመጣሉ። ያን ሰዓት ብዙ ሰው የለም።