የቲማቲም ዘርና የባሕርይ ውርስ በጎንደር

በጎንደርና በአካባቢዋ ቲማቲም በብዛት የሚለማው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስኖ ነው። ደንቢያና ጎንደር ዙሪያ፣ እንዲሁም ርብና ጉማራ የሚያጠጧት ፎገራ በዚህ ይታወቃሉ። ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው።

ዘር ከነጋዴ ይገዛል፤ ወይም ከራስ ማሳ ይቀራል። ከማሳ በቀረው ላይ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ነው፦ «ዘሩ በዓመቱ ደከመ»። ይህ አባባል ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ቲማቲም በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል። ስለዚህ እንደ ሮማ ቪኤፍ ወይም ከመልካሳ ምርምር ማዕከል እንደወጡት መልካሾላና መልካሳልሳ ያለ የረጋ ዝርያ ልጁ እናቱን ይመስላል። «ቪኤፍ» የሚሉት ፊደላት ሥርን የሚያጠቁና ተክሉን የሚያጠወልጉ ሁለት የአፈር በሽታዎችን፣ ቨርቲሲሊየምንና ፉዛሪየምን፣ መቋቋሙን ያመለክታሉ። ይህም መቋቋም ይወረሳል።

ዲቃላ ዘር ግን ሌላ ነው። ቲማቲም 12 ጥንድ ክሮሞዞም አለው፤ ከየጥንዱ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት ይመጣል። ረጅምና አጭር ዝርያ ቢዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ረጅም ይሆናል፤ አጭርነት ተደብቆ ይኖራልና። ከዚያ ትውልድ ፍሬ ዘር ተወስዶ 40 ችግኝ ቢፈላ፣ ወደ 10 የሚጠጉት አጭር ሆነው ይወጣሉ። የፍሬ ሥጋ ቢጫነትም እንዲሁ ድብቅ ነው፤ ዲቃላው ሁለቱንም ደብቆ ከያዘ፣ አጭርም ቢጫም የሆነ ተክል በአማካይ ከ16 አንድ ይሆናል። ዘሩ አልደከመም፣ የያዘውን አወጣ እንጂ። ለገበሬው ግን ጉዳቱ እውነት ነው፦ አጭሩ ባንድ ጊዜ ሲደርስ፣ ረጅሙ ድጋፍ እንጨትና ተደጋጋሚ ለቀማ ይፈልጋል፤ ለቅዳሜ ገበያ የሚጫን ምርት ደግሞ አንድ ወጥ ሲሆን ነው የሚፈለገው። ከተመረጠ ተክል ዘር እየወሰዱ ስድስትና ሰባት ትውልድ የታገሱ ሰዎች ግን ከዲቃላም የራሳቸውን የረጋ ዝርያ ማውጣት ይችላሉ።

የጓሮ አልሚዎቻችን ዓይን የሚታመን ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበት። መመረጥ ያለበት ፍሬው ሳይሆን ተክሉ ነው። ፍግ ስላገኘ ብቻ የተለቀ ፍሬ ትልቅነቱን ለልጁ አያወርስም። የታመመ ተክልም ለዘር አይሆንም፤ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን የመሰሉ በሽታዎች በዘር ይተላለፋሉ።

ፍሬው በደንብ ቀልቶ ሲለሰልስ ይቆረጥና ዘሩ ከነልጋጉ በብርጭቆ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ላዩ ነጭ ሽፋን ሲያወጣና ሲሸት ይታጠባል፤ የሰጠመው ይያዛል፣ የተንሳፈፈው ይጣላል። ከዚያ በጥላ ይደርቃል፤ ወረቀት ላይ ካሰጡት ይጣበቃል፣ ሳህን ይሻላል። የተመረጠው ተክል ግንድ ለቀማ ሳይጀመር በቀይ ክር ይታሰር፤ አለዚያ ለቃሚ ምርጡን ፍሬ ከገበያው ጋር ይቀላቅለዋል።