ፎረንሲክ ሳይንቲስት ማለት ምንድን ነው? ከየትኛው ሙያስ ነው የሚመጡት?

ፎረንሲክ ሳይንቲስት የሚባል አንድ ወጥ ሙያ የለም፣ መጀመሪያ እሱን እንግባባ። ቃሉ የመጣው ከላቲኑ ፎረም ነው፣ ገበያውም ችሎቱም የነበረበት የሮማ አደባባይ ማለት ነው፣ ስለዚህ ኬሚስትም ይሁን የጥርስ ሐኪም ስራው ዳኛ ፊት ማስረጃ ሆኖ ከቀረበ ፎረንሲክ ይባላል። ለዛ ነው ልጆች "ፎረንሲክ መማር እፈልጋለሁ" ሲሉኝ ሁሌ "የቱን?" ብዬ የምጠይቃቸው።

ይሄ ነገር በጣም የሚታየው አማካሪ ላብ ውስጥ ነው። አማካሪ ላብ ማለት የፖሊስ ያልሆነ የግል ላብራቶሪ ነው፣ ጠበቃ ወይ ኢንሹራንስ ወይ ቤተሰብ፣ አንዳንዴ ዓቃቤ ሕግም ራሱ ከፍሎ ያስመረምርበታል። አሜሪካ ብዙ አለ፣ እንግሊዝማ የመንግስቱ የፎረንሲክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2012 ከተዘጋ ወዲህ ብዙው የፖሊስ ስራ ራሱ ወደ ግል ላቦች ነው የሄደው። እንደዚህ አይነት ቤት ገብታችሁ ሰራተኞቹን ምን እንደተማሩ ብትጠይቁ፣ ዲኤንኤ የምትሰራዋ ጄኔቲክስ ወይ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ትላችኋለች፣ ደም ውስጥ ያለ አልኮልና መድኃኒት የሚለካው ኬሚስትሪ ወይ ፋርማሲ ይላችኋል፣ የመኪናው ፍሬን ለምን እንደተበጠሰ የሚያየው መካኒካል ኢንጂነር ነው፣ ስልክ የሚፈትሸው ከአይቲ የመጣ ነው። አሻራና ጥይት ከሚያነጻጽሩት ደግሞ ብዙዎቹ ረጅም ዘመን ፖሊስ ላብ ሰርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ እነሱ የተቀጠሩት ለዲግሪያቸው ሳይሆን ለለመደ አይናቸው ነው።

ሕጉም ይሄን ይፈቅዳል። የአሜሪካ ፌዴራል የማስረጃ ደንብ ቁጥር 702 አንድ ሰው ባለሙያ ምስክር የሚሆነው በእውቀት፣ በክህሎት፣ በልምድ፣ በስልጠና ወይም በትምህርት ነው ይላል፣ "ወይም" መሆኑን ልብ በሉ፣ ዲግሪ ግዴታ አይደለም። ሰውየው መመስከር ይችላል ወይ የሚለውን ዳኛው ነው የሚወስነው፣ የተቃራኒው ጠበቃ ደግሞ ሲቪውን መስመር በመስመር እያነሳ ያፋጥጠዋል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ልምድ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ነው፣ ለዚህ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ኮርሲካና በምትባል ከተማ የተነሳውን እሳት ማንሳት አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 ቤት ተቃጥሎ ሶስት ህጻናት ሞቱ፣ አባትየው ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም አውቆ ነው ያቃጠለው ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው ያሉት መርማሪዎች እውቀታቸው ከእሳት አደጋ ስራ የመጣ፣ ከቀደሙት የሰሙትን የሚከተሉ ነበሩ፣ ለምሳሌ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ከተሰነጠቀ ቤንዚን የመሰለ ነገር ተደፍቷል ማለት ነው ይሉ ነበር። ሊገደል ጥቂት ሲቀረው ጄራልድ ኸርስት የሚባል ሰው ፋይሉን አየው፣ ኸርስት የካምብሪጅ የኬሚስትሪ ዶክተር ነው፣ ፈንጂ ላይ የሰራ፣ በኋላ አማካሪ የሆነ። መስታወት እንደዛ የሚሰነጠቀው ግሎ እያለ የማጥፊያው ውሃ ሲያርፍበት ነው፣ ሌሎቹም "ምልክቶች" ሳይንስ የላቸውም ብሎ ጻፈ። የሰማው የለም፣ ዊሊንግሃም እ.ኤ.አ. የካቲት 2004 ተገደለ። ይሄን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ያመኛል፣ ምክንያቱም መርማሪዎቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፣ ሃያ አመት እሳት ያጠፋ ሰው እሳት ያውቃል ብለን ሁላችንም የምናምነውን ነው ፍርድ ቤቱም ያመነው።

ዲግሪውም ቢሆን በወሬ አይታመንም። ማሳቹሴትስ ውስጥ በመንግስት ላብ አደንዛዥ ዕፅ ትመረምር የነበረችው አኒ ዱካን በኬሚስትሪ ማስተርስ አለኝ ብላ ፍርድ ቤት መስክራለች፣ የላትም ነበር። ያልመረመረችውን ናሙና መርምሬዋለሁ ትል እንደነበርም ተደረሰበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ21,000 በላይ ክሶች በእሷ ምክንያት ተሰረዙ። አንድ ስልክ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢደወል ኖሮ የዲግሪው ነገር ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ላብ የምትቀጥሩ ከሆነ (ለአባትነት የዲኤንኤ ምርመራም ቢሆን) ላቡ አይኤስኦ 17025 የሚባለው ዓለም አቀፍ የላብራቶሪ ብቃት ማረጋገጫ አለው ወይ፣ ሪፖርቱን የሚፈርመው ሰው የተማረው ከሚፈርምበት ጉዳይ ጋር ይገናኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

ደሞ ሙያ ሲሻገር የሚያምርበት ጊዜ አለ። ክላይድ ስኖው አንትሮፖሎጂስት ነው፣ የአሜሪካ አቪዬሽን መስሪያ ቤት ውስጥ ሰው በአውሮፕላን አደጋ እንዴት እንደሚሞትና እንዴት እንደሚተርፍ ሲያጠና ኖሮ ከዛ ወጥቶ የአጥንት አማካሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1984 አርጀንቲና ሄዶ በወታደራዊው መንግስት ዘመን የጠፉ ሰዎችን አጽም ለመለየት የአንትሮፖሎጂ፣ የአርኪዮሎጂና የህክምና ተማሪዎችን አሰለጠነ፣ ከነሱ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ተወለደ። ይሄ ቡድን ነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በልዩ ዓቃቤ ሕግ ጥሪ እኛ ሀገር መጥቶ የቀይ ሽብር የጅምላ መቃብሮችን የቆፈረው። የአርኪዮሎጂ ትምህርት ምን እንደሚጠቅም እዛ ታየ፣ አካፋ ይዞ የገባ ሰው አጽሙን ያወጣ ይሆናል እንጂ ከአጽሙ ጋር የነበረውን ሁሉ ይበትነዋል፣ እነሱ ግን አፈሩን በብሩሽ እየጠረጉ ስለወረዱ ሟቾቹ የታነቁበት የናይለን ገመድ ከአንገታቸው አጥንት ላይ ሳይነቃነቅ ተገኘ፣ ፎቶ ተነስቶም ለችሎት ማስረጃ ሆነ።