ሦስት ነገሥታት የተፈራረቁበት ዓመት በጎንደር

እ.ኤ.አ. 1769፣ ማለትም ከ1761 ዓ.ም. አጋማሽ እስከ 1762 ታኅሣሥ ድረስ ባለው ጊዜ፣ በጎንደር ዙፋን ላይ ሦስት ነገሥታት ተፈራርቀዋል። ብዙ የታሪክ ጸሐፍት ዘመነ መሳፍንትን የሚጀምሩት ከዚሁ ዓመት ነው። ዘመኑ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እስኪነግሡ ዘልቋል።

የነገሩ ሥር የቤተ ዘመድ ጠብ ነው። አፄ ኢዮአስ በ1747 ዓ.ም. ሲነግሡ ሕፃን ስለነበሩ አያታቸው እቴጌ ምንትዋብ መንግሥቱን በሞግዚትነት ያዙ። ንጉሡ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ግን የእናታቸው የውቢት የወሎ ዘመዶች ሹመቱን ከእቴጌይቱ የቋራ ወገኖች ጋር ይሻሙ ጀመር። ሽኩቻው ሲከር የትግራዩ ገዥ ሚካኤል ስሁል ወደ ጎንደር ተጠሩ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ግዛታቸው ከምጽዋ በሚመጣው የንግድ መንገድ ላይ በመሆኑ ነፍጥ የታጠቀ ብርቱ ጦር ነበራቸው። የራስነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ ወደ አገራቸው መመለሱን ግን አላሰቡበትም። የበጌምድሩ ገዥ ያማርያም ባርያ ሲገደል፣ የምንትዋብን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን፣ የሟቹን ሚስት፣ አገቡ።

ኢዮአስ የጠሩት ኃይል እንደከበዳቸው ሲገባቸው ወደ ዳሞቱ ገዥ ወደ ፋሲል አዘነበሉ። ሚካኤል ፋሲልን ዛሬ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት በአዘዞ አካባቢ ድል አደረጉ፤ በግንቦት 1761 ደግሞ ንጉሡን አስገደሉ። በሻሽ ታንቀው እንደሞቱ ይተረካል። በጎንደር ዘመን የንጉሥ ደም ሲፈስ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ታላቁ ኢያሱ በ1699፣ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በ1700 ተገድለዋል። ያኔ ግን ጠቡ በአባትና ልጅ፣ በንጉሣዊው ቤት ውስጥ ነበር። አሁን አንጋሹ ከውጭ የመጣ ባለ ጦር ሆነ፣ ለራሱም ዘውዱን አልደፈረም። ለውጡ እዚህ ላይ ነው።

ሚካኤል የአፄ በካፋን ወንድም ዮሐንስን አነገሡ፤ ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ አንድ እጃቸው የተቆረጠ አረጋዊ ነበሩ። እኒህ ሰው ዘውዱን ቢቀበሉም ፋሲልን ለመውጋት አልዘምትም አሉ። ሠራዊት ያለ ንጉሥ ሲዘምት ሽፍትነት ሊመስል ስለሚችል እምቢታው ቀላል አልነበረም። በጥቅምት 1762 በመርዝ ሞቱ፤ አምስት ወር ያህል ነበር የነገሡት። ወዲያው ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ ተተካ። ሚካኤልም በታኅሣሥ መግቢያ ፋሲልን በፋጊታ ድል አደረጉ።

የዚህን ዓመት ታሪክ ከዜና መዋዕሉ ሌላ በብዛት የምናውቀው ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው በየካቲት 1762 ነው፤ በዓይኑ ያየው ነገር የለም ማለት ነው። በቁስቋም በእቴጌይቱ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ሲያክም የቀረባቸው ሰዎች ያወሩትን ነው የጻፈው። የግድያው ትረካ ዝርዝሩ የሚማርከውን ያህል በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

ሚካኤል በግንቦት 1763 በሰርባኩሳ በበጌምድርና በአማራ መኳንንት ተሸንፈው ተማረኩ። አሸናፊዎቹ ግን ሚካኤል ያነገሡትን ተክለ ሃይማኖትን ከዙፋኑ አላነሡትም፤ እስከ 1769 ዓ.ም. ቆየ።