የታዋቂ ሙዚቀኞች አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ዋጋቸው ከምን ይመጣል?

የሮክ ባንዱ የፒንክ ፍሎይድ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር ጥቁሩን ስትራቶካስተር፣ ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራውን ጊታር፣ የገዛው በ1970 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ2019 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ጊታሩን ለጨረታ ሲያቀርብ ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ዶላር ያወጣል ብሎ ገምቶ ነበር። የተሸጠው በ3,975,000 ዶላር ነው። እንጨቱንና ሽቦውን ብቻ ካየን ይህ ዋጋ ስሜት አይሰጥም።

እስቲ መጀመሪያ ማን ይጫወትበት እንደነበር የማይታወቅ ጊታር እንውሰድ። እዚህ ላይ ወሳኙ የተሠራበት ዓመትና ኦሪጅናልነቱ ነው። ፌንደር በጥር 1965 ሲቢኤስ ለተባለው የአሜሪካ ሚዲያ ኩባንያ ከመሸጡ በፊት የወጡ ጊታሮች ከዚያ በኋላ ከተሠሩት ይበልጥ ይፈለጋሉ። ከሌላው ጊታር አምራች ከጊብሰን በኩል ደግሞ ከ1958 እስከ 1960 የተሠሩት ሰንበርስት (ከመሃል ፈካ ብሎ ወደ ጠርዙ የሚጠቁር) ቀለም ያላቸው ሌስ ፖል የተባሉ ጊታሮች ቁንጮዎቹ ናቸው። ደህና ሆኖ የቆየ የ1959 ሌስ ፖል በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣል። ቀለሙ እንደ አዲስ ከተቀባ ግን ዋጋው በግማሽ ያህል ሊወርድ ይችላል። ፒካፑ (የሽቦዎቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ባለማግኔት ክፍል) ተቀይሮ ወይም አንገቱ ተሰብሮ ተጠግኖ ከሆነም ገዢው ወዲያው ዋጋ ይቀንሳል።

ታዋቂ ሰው ሲገባበት ሕጉ ይገለበጣል። የጊልሞር ጊታር ያልተነካካ ቦታ የለውም። አንገቱ ደጋግሞ ተቀይሯል። ፒካፖቹም እንደዚያው። በ1980ዎቹ ሌላ ዓይነት ትሬሞሎ (ሽቦዎቹን እያላላና እያጠበቀ ድምፁን የሚያወዛውዝ ዘንግ) ለመግጠም እንጨቱ ተቦርቡሮ፣ በኋላ ተመልሶ ተደፍኗል። የማንም ጊታር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ዋጋውን አፈር ድሜ ያበላው ነበር። ሰውየው ጊልሞር ሲሆን ግን እያንዳንዱ ለውጥ የሚፈልገውን ድምፅ ያሳደደበት መንገድ ምልክት ሆነ። የፍሊትዉድ ማክ ባንዱ ጊታሪስት የፒተር ግሪን የ1959 ሌስ ፖልም እንዲሁ ነው። የአንዱ ፒካፕ ማግኔት ተገልብጦ ስለተገጠመ ሁለቱ ፒካፖች አንድ ላይ ሲከፈቱ ቀጠን ያለ ልዩ ድምፅ ይሰጣሉ። ከግሪን ወደ ሌላው ጊታሪስት ጋሪ ሙር፣ በ2014 ደግሞ ወደ ሜታሊካ ባንዱ ጊታሪስት ከርክ ሃሜት የተሻገረው ይህን ድምፁን ይዞ ነው።

«የእገሌ ነበር» መባሉ ብቻውን አይበቃም። ዝነኛ ሙዚቀኞች ብዙ ጊታር ይገዛሉ፤ ብዙው ቤት ተቀምጦ ይቀራል። ገንዘብ የሚያወጣው ሕዝብ በሚያውቀው ሥራ ላይ የተሰማው ወይም የታየው ነው። የኒርቫና ባንዱ ዘፋኝ ከርት ኮቤይን በ«ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት» ዘፈን ቪዲዮ ላይ የያዘው የ1969 ፌንደር ሙስታንግ በ2022 4.5 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ለዚህ ነው። ሙስታንግ በጊዜው ለተማሪዎች የተሠራ ርካሽ ጊታር ነበር።

በእኔ እይታ ከሁሉም የሚከብደው ማስረጃ ነው። የፎልክ ዘፋኙ ቦብ ዲላን በ1965 በኒውፖርት የፎልክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ የተጫወተበት ስትራቶካስተር አውሮፕላን ውስጥ ተረስቶ ቀረ። የአብራሪው ቤተሰብ ለአሥርተ ዓመታት አስቀመጠው። ጉዳዩ በ2012 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲነሳ አንድ ባለሙያ የጊታሩን ጣት መጫኛ ሰሌዳ ከ1965ቱ የቅርብ ፎቶዎች ጋር አስተያየ። ሰሌዳው የተሠራበት የሮዝውድ እንጨት መስመሮች ገጠሙ። የእንጨት መስመር እንደ ጣት አሻራ ነው፤ በሁለት ጊታር ላይ አንድ ዓይነት አይሆንም። የዲላን ወገን መጀመሪያ ተከራክሮ ነበር፤ በኋላ ስምምነት ተደረሰ። በታኅሣሥ 2013 ጊታሩ 965,000 ዶላር አወጣ። ያ ፎቶ ባይኖር ኖሮ ዋጋው የማንኛውም የዚያ ዘመን ስትራቶካስተር ዋጋ ይሆን ነበር።

የጨረታው ድባብም ይጨምራል። ጊልሞር ከ120 በላይ ጊታሮቹን ሲሸጥ ገቢውን ለበጎ አድራጎት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን የገዢ እጅ ይፈታል። ድንበር ማሻገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ስር ስላለ፣ ይህ እንጨት ያለበት አሮጌ ጊታር ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ የፈቃድ ወረቀት ይጠየቅበታል። ወረቀቱ የሌለው ሻጭ ገበያው በአገሩ ገዢዎች ላይ ይወሰናል።